የዓምዴ ቦርድ

ስልኩ ሲነዝር ሔዋን መበየጃውን ከኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ላይ አላነሣችም። ከቺፑ እግሮች ግማሹን በይዳለች፣ ግማሹ ይቀራታል። እዚህ ላይ ካቆመች ቺፑ ይንጋደዳል፤ የተንጋደደ ቺፕ ደግሞ ሥራውን ያስተማራት ዓምደሚካኤል ዴንቨር ሆኖም ይሸተዋል። ስልኩን በግራ እጇ አንሥታ በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ያዘችው።

"ሔዋን፣ ብቻሽን ነሽ?"

ዴንቨር የምትኖረው የዓምደሚካኤል እህት ደመቀች ናት። ድምጿ ሻክሯል።

"ብቻዬን ነኝ እትዬ። ጋሽ ዓምዴ ደህና አደሩ?"

"አለቃሽስ፣ ተፈሪ?"

"ቢሮ ውስጥ ናቸው፣ ከልጃቸው ከሐሌሉያ ጋር። ልጥራልዎት?"

"እንዳትጠሪው።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሁልጊዜ ቀድሞኝ የሚነሣው እሱ ነው። ዛሬ ሲዘገይብኝ የመንገድ ድካም ነው ብዬ ተውኩት። ቁርስ አቅርቤ በሩን ባንኳኳ፣ ባንኳኳ... ሔዋን፣ ወንድሜ ሌሊቱን አልፏል።"

ከቦርዱ ላይ ቀጭን ጭስ ተነሣ። መበየጃው አንድ ቦታ ላይ ቆይቶ የቦርዱን አረንጓዴ ገጽ አቃጥሎት ነበር።

"ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማለሁ።"

"ለተፈሪ በስልክ አይነገርም። ልቡ ውስጥ ሽቦ ያስገቡለት ገና አምና ነው። ሽማግሌው ፊሊጶስ ነገ ማለዳ ሰው ይዞ ቤቱ ድረስ ሄዶ እንደ ወጉ ያረዳዋል። ላንቺ የነገርኩሽ እንድትጠብቂው ነው። ማን እንደሚደውልለት፣ ፌስቡክ ላይ ማን ምን እንደሚለጥፍ አይታወቅም። እስከ ነገ አደራ።"

"እትዬ፣ ዛሬ እኮ ሜሪ ኮንትራት ልታስፈርም..."

ደመቀች ልቅሶዋ አመለጣትና ስልኩ ተዘጋ።

ሔዋን መበየጃውን ማስቀመጫው ላይ ሰካችው። የተቃጠለውን ቦርድ ገልብጣ በሌሎቹ ሥር አስገባችው። ከዚያ የምታደርገው ጠፍቷት የጠረጴዛዋን ጫፍ በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። ንጹሕ ነበር።

ስሎት የሚባሉት የቁማር ማሽኖች የሚሠሩበት ወርክሾፕ በካዚኖዎቹ ከተማ፣ ዊንቸስተር በሚባል ሠፈር፣ ከአፓርታማዎቹ ጀርባ፣ በመኪና መስታወት ሱቅና በልብስ ማጠቢያ ቤት መካከል ያለ መጋዘን ነው። ተፈሪና ዓምደሚካኤል በሱዳን በኩል አብረው ተሰደው፣ እዚህ ከተማ አንድ ክፍል ለሁለት ተከራይተው የጀመሩ ሰዎች ናቸው። ተፈሪ ዳውንታውን አንድ ካዚኖ ውስጥ የስሎት ማሽን ጠጋኝ ሆነ። ዓምደሚካኤል የእንግዶችን መኪና እያቆመ በቲፕ ይኖር ነበር፤ ማታ ማታ ተፈሪ የሚያመጣለትን የተጣለ ቦርድ እየፈታ ኤሌክትሮኒክስን ራሱን በራሱ አስተማረ። በኋላ የራሱን ሠራ። ከሱቅ የማይገዛ፣ ከሌላ ዕቃ ጋር የማይስማማ፣ ስሎት ማሽን ከማጫወት በቀር በዚህ ዓለም ላይ አንድም ሥራ የማይችል ቦርድ። "የማያስፈልገውን ነገር አያውቅም፤ ስለዚህ አይሳሳትም" ይል ነበር።

ሔዋንንም ከሆቴል አልጋ አንጣፊነት አውጥቶ እዚህ ወንበር ላይ ያስቀመጣት እሱ ነው። አንድ የክርስትና ግብዣ ላይ ልጆች የበጠሱትን ቀጭን ሐብል በጥፍሯ ስትቀጥል አይቷት፣ የሐብሉን ባለቤት ትቶ "ሰኞ ምን ትሠሪያለሽ?" ብሎ ጠየቃት። ሰኞ እንደምትሠራ ነገረችው። "እንግዲያው ማክሰኞ ነይ" አላት። ሲያስተምር ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። የተበላሸ ብየዳ ሲያይ አፍንጫውን ብቻ ይነፋ ነበር። ነበር። ሔዋን ይህችን ቃል በልቧ ስትላት ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው።

በዓምደሚካኤል ቦርድ ፋንታ ከሱቅ የሚገዛ ትንሽ ኮምፒውተር ይግባ አይግባ የሚል የአባትና የልጅ ሙግት ከቢሮው ይሰማታል። በሩ ገርበብ ብሏል።

"አባ፣ ይሄን ሚኒ ፒሲ ዛሬ ኦርደር ካደረግሁ ነገ በር ላይ ነው" ትላለች ሐሌሉያ። እዚሁ ከተማ ተወልዳ እዚሁ ኢንጂነሪንግ የተማረች፣ የተፈሪ አንድ ልጅ ናት። "ከተበላሸ ሌላ እገዛለሁ፣ እሱ ከተበላሸ ሌላ። ዓምዴን ግን ከየት ነው ኦርደር የማደርገው?"

"ያንቺ ዕቃ ዛሬ አለ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የለም። ፋብሪካው ሞዴል ቀየርኩ ይልሻል። ሞዴል በተቀየረ ቁጥር ማሽኑን የቁማር ፈቃድ ላቦራቶሪ አስገብተሽ እንደገና ማስፈተን ነው። የኛ ቦርድ አንድም ቀን 'አፕዴት እያደረግሁ ነው፣ ታገሡኝ' ብሎ ቁማርተኛ አላስቆመም።"

"የቦርዱ ቺፕ እኮ ከምርት ወጣ። ሱቅ የለም፣ ፋብሪካ የለም። ኮንትራቱ ላይ እስከ ገና ድረስ ቦርዱን ወደ አዲስ ቺፕ እናዛውራለን ብለህ ነው የምትፈርመው። ማን ነው የሚያዛውረው?"

"ዓምዴ ነዋ።"

"ዓምዴ ብቻ። አባ፣ ሲሪየስሊ፣ ዋት ኢፍ ዓምዴ አንድ ነገር ቢሆን?"

"ሟርትሽን ለራስሽ! ጠላቱ ይሁን።" ወንበሩ ተንቋቋ። "ሔዋን፣ ትሰሚያታለሽ? ልጄ ነገ ደግሞ አባትም ከሱቅ ልግዛ ትላለች።"

ሔዋን ለመሳቅ አፏን ከፈተች። መልሳ ወደ ቦርዷ አጎነበሰች።

ተፈሪ ወጥቶ አጠገቧ ቆመ። ረጅም ነው፤ ሸሚዙ ለሜሪ ሲል ተተኩሷል። ዓይኗን አይቶ ፊቱ ተለወጠ።

"ምነው? አልቅሰሻል?"

"ጭሱ ነው ጋሼ። ስበይድ የሚቀልጠው ስታኞ።"

"ማራገቢያውን ወደ ራስሽ አዙሪው ብዬሽ የለም?" ራሱ ጎንበስ ብሎ ማራገቢያውን አዞረላት፤ እንዳይወድቅም ከሥሩ ካርቶን አስገባለት። "ዓምዴ ሲመጣ ይከሰኛል። ሠራተኛዬን በጭስ ገደልክ ይለኛል።"

ነፋሱ ፊቷ ላይ መጣ። ጎንበስ ባለበት ሁሉንም ልትነግረው ምንም አልቀራትም ነበር። የደመቀች አደራ አፏን ያዘው። ደግሞም ጎንበስ ሲል እንኳን ደረቱን በእጁ ደገፍ ያደርጋል፤ ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ እንዲያ ነው።

"ጋሼ፣ ፊርማውን ቢያቆዩትስ? ጋሽ ዓምዴ እስኪመለሱ።"

"ሜሪ ነገ ጠዋት ዳይሬክተሮቿ ፊት ናት። ዛሬ ካልያዝኩት ከሌላ ሰው ነው የምትገዛው።" ስልኩን ከኪሱ አወጣ። "ይልቅ ይሄ ሰውዬ ለምንድነው የማያነሣው?"

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው። ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያ የዓምደሚካኤል ድምፅ በጎንደር ቅላጼ በተገራ እንግሊዝኛው መጋዘኑን ሞላው። ዓምዴ ነኝ፤ ማሽኑ ከተበላሸ አጥፍታችሁ አብሩት፤ እምቢ ካለ መልእክት ተዉልኝ።

"አንተ ሰነፍ" አለ ተፈሪ ወደ ስልኩ፣ በአማርኛ። "ዴንቨር ሄደህ እንቅልፍ ተማርክ? እኛ ዛሬ ሙሽራ ልንድር ነው። ስትነሣ ደውል።"

ሔዋን ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደች። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ የወረቀት ፎጣ ነክሳ አለቀሰች። ስትወጣ ፊቷ ደርቆ ነበር። በትንሿ መስኮት ሰማዩ አቧራ ለብሶ ጸሐይዋ የነሐስ ሳንቲም መስላለች። በከተማው ማቀዝቀዣ ሁሉ ባንድ ላይ ሲሠራ እንደሚሆነው የመጋዘኑ መብራት ደብዘዝ፣ ደመቅ ይላል።

ሜሪ ከምሳ በፊት መጣች። ሦስት ካዚኖዎች ላሉት ድርጅት ማሽን የምትገዛው እሷ ናት። ስትናገር አትቸኩልም። ለብዙ ዓመት ደንበኛ ስለሆነች ሁሉንም በስማቸው ታውቃለች፤ "ሔዋን" የሚለውን እንኳ ከብዙዎች አሳምራ ትጠራዋለች።

ሁለት ስሎት ማሽኖች ጎን ለጎን ተዘጋጅተዋል፤ በአንዱ ሆድ ውስጥ የዓምደሚካኤል ቦርድ፣ በሌላው የሐሌሉያ ሚኒ ፒሲ። ተፈሪ የመጀመሪያውን አስነሣው። ሥዕል የተሣለባቸው ከበሮዎቹ እየተሽከረከሩ ሳለ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለው። ማሽኑ ጨለመ። መልሶ ሲሰካው፣ ዓይን ሳይርገበገብ፣ ከበሮዎቹ ካቆሙበት ቀጠሉ። ሜሪ ፈገግ አለች።

ሐሌሉያም የራሷን ነቀለችና ሰካች። የእሷ ማሽን ጥቂት ቆየ፤ ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ፣ ከዚያ ጨዋታው መጣ። "ስሎው ነው፣ አውቃለሁ" አለች ያለ ኀፍረት። "ግን ይሄን ማንም ሰው ይጠግነዋል። ክዳኑን ከፍቶ፣ አውጥቶ፣ ሌላ መክተት ነው። ያንቺ ጠጋኞች እዚያው ካዚኖው ውስጥ ራሳቸው ያደርጉታል።"

ሜሪ በሁለቱ ማሽኖች መካከል ቆመች። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

"የኔ ሰዎች የሐሌሉያን ይፈልጋሉ። እኔ የተፈሪን እወዳለሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አላዋረደኝም። የሁለቱንም ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ። ግን የዓምዴን ቦርድ ስገዛ ቦርዱን ብቻ አይደለም የምገዛው፣ ሰውየውን ነው። የት ነው እሱ?"

"እህቱ ጋ ሄዷል፣ ሰኞ ይመለሳል" አለ ተፈሪ።

"ባለፈው ሳየው ከስቶ ነበር።" ሜሪ ከእሱ ዞር አለችና ሔዋንን አየቻት። "ሻጭ ሁልጊዜ ጥሩ ነው ይላል። አንቺ አብረሽው ነው የምትውዪው። እንዴት ነው ጤናው?"

ሁሉም ወደ ሔዋን ዞሩ። ተፈሪ በኩራት እያያት ነው።

"ደህና ነው" አለች ሔዋን።

"በቃ፣ እሱን መስማት ነው የፈለግሁት" አለች ሜሪ። ለድርጅቷ ጠበቃ ልትደውል ወደ መኪናዋ ወጣች።

ሔዋን ባለችበት ቀረች። ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። ዝም ማለት ከአገሯ ይዛው የመጣችው፣ እናቷም የምታውቀው ወግ ነው፤ ሟችን ለማክበርና ለቀሪው ልብ ለማዘን ነው። አሁን ያደረገችው ግን ዝምታ አይደለም። አንዲት ሴት ጠየቀቻት፣ እሷም ስለ ሬሳ "ደህና ነው" ብላ መለሰች። በዚያ ቃል ላይ ደግሞ ሰው ሊፈርም ነው። ተፈሪ ለዚህ ሥራ መነሻ ሮድስ ራንች ሠፈር ያለውን ቤቱን ለብድር አስይዟል፤ ባለፈው ሳምንት ለዓምደሚካኤል እዚሁ ሲነግረው ሰምታለች። ዓምደሚካኤል አፍንጫውን ነፍቶ "ለኔ ብለህ ከሆነ ተው" ሲለው፣ ተፈሪም "ላንተ ካልሆነ ለማን?" ሲለው።

ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ሄዳ ፊሊጶስ ጋ ደወለች። ፊሊጶስ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ ሰው ሲሞት ሁሉ የሚጠራ ሰው ነው፤ ቀን ቀን ዳውንታውን አንድ ሆቴል በር ላይ ጥበቃ ነው። ስልኩ ውስጥ የማሽኖች ጩኸትና የሰው ሳቅ ተሰማት።

"ጋሼ፣ ሊፈርሙ ነው" አለች በሹክሹክታ። "የጋሽ ዓምዴን ቦርድ፣ ለአምስት ዓመት። ቤታቸውን አስይዘዋል። ያለ ጋሽ ዓምዴ ማንም አይሠራውም። አሁን ይምጡና ይንገሯቸው።"

"እንዴት አድርጌ? በር ላይ ነኝ እኮ፤ የሚተካኝ ሰው ማታ ነው የሚመጣው። ሰው ሁሉ ሺፍት ላይ ነው። ማንን ይዤ ልምጣ? መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም፣ ልጄ።"

"ነገ ሲሰሙ በኮንትራቱ ይፈረድባቸዋል ጋሼ። ቤቱ ይሄዳል።"

"ቤት ይተካል። ልብ ግን አይተካም። ሐኪሙ ምን እንዳለ ሰምተሻል።" ከጎኑ አንድ ሰው የሆነ ነገር ጠየቀው፤ በእንግሊዝኛ መልሶለት ተመለሰ። "ስሚኝ ሔዋን። ዝም ብትይ ማንም አይወቅስሽም። ከተናገርሽና አንድ ነገር ከሆነ ግን..."

ቃሉን አልጨረሰም። ሔዋን ስልኩን ስታወርድ ሐሌሉያ በሁለት መደርደሪያ መካከል ቆማ ነበር።

"ሔዋን፣ ምን ማለት ነው መርዶ?"

ሔዋን ልታልፋት ሞከረች።

"ዶንት፣ አትሽሺኝ። መርዶ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ማን ነው?" ከዚያ ራሷ ደረሰችበት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ዓምዴ? የኔ ዓምዴ?"

"ቀስ። ይሰማሉ።"

"መቼ?"

"ሌሊት። ተኝተው ነው።"

ሐሌሉያ የሚኒ ፒሲዎቿ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። በልጅነቷ የትምህርት ቤት ሥራዋን የሠራችው በዓምደሚካኤል ጠረጴዛ ሥር ነው፤ የመጀመሪያውን መበየጃ ያስያዛትም እሱ። ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ሔዋን ራሷን ያዘችላት። እንደዚያ ቆዩ፣ ከቢሮው የተፈሪ ፉጨት እየተሰማ። ደስ ሲለው ነው የሚያፏጨው።

"ከጠዋት ጀምሮ ታውቂ ነበር" አለች ሐሌሉያ ቀና ብላ። "እኔ ያን ሁሉ ሳወራ ቁጭ ብለሽ ሰማሽ።"

"ምን ላድርግ?"

"ንገሪው ነዋ! የሱ ሕይወት ነው፣ የሱ ፊርማ ነው። ይሄ ከሰው እንዴት ይደበቃል? ሁላችሁም... ይሄ ነገራችሁ አይገባኝም።"

"አንቺ ንገሪያቸው። አባትሽ ናቸው፤ ከኔ አፍ ያንቺ ይሻላል።"

ሐሌሉያ ተነሣች። በመደርደሪያዎቹ መካከል እስከ መጨረሻው ሄደች፤ የቢሮው በር ከዚያ ይታያል። እዚያ ቆመች። ስትመለስ ፊቷ አመድ ለብሶ ነበር።

"አልችልም። ጠዋት ምን እንዳልኩት ሰምተሻል። ዓምዴ አንድ ነገር ቢሆን አልኩት። አሁን ገብቼ ሞቷል፣ የኔን ፈርም ልለው ነው? በሬሳ አሸነፈችኝ ይላል። አይለኝም፤ ግን ያስበዋል። ሁልጊዜ።"

"የቦርዱን ሥራ አንቺ መረከብ አትችይም?"

"ቺፑ ውስጥ የጻፈውን ማንበብ እችላለሁ። አንድ ዓመት፣ ምናልባት ሁለት። እያንዳንዱን ነገር ለምን እንዳደረገው እየገመትኩ። እስከ ገና? ኖ ዌይ። አንቺስ?"

"እኔ እበይደዋለሁ እንጂ ምን እንደሚያስብ አላውቅም።"

"ማንም አያውቅም። እሱን ነበር የምለው።" ዓይኗን በሸሚዟ እጅጌ ጠረገች። "ትክክል ነበርኩ፣ ግን እንዲህ መሆን አልፈለግሁም።"

የፊቱ በር ተከፍቶ ተዘጋ። ሜሪ ተመልሳለች።

"ሔዋን!" ተፈሪ ጠራ። "ሐሊንም ይዘሻት ነይ። ሁላችሁም እንድትኖሩ እፈልጋለሁ።"

ቢሮው ጠባብ ነው። ሜሪ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፤ ከፊቷ ያለው ወረቀት አንድ ነው፣ የዓምደሚካኤል ቦርድ። ሌላውን ወደ ቦርሳዋ መልሳዋለች። ተፈሪ መነጽሩን አድርጎ የመጨረሻውን ገጽ እያነበበ ነው፤ ብዕሩን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቷል። ልጁን ቀና ብሎ አያትና ዓይኗ መቅላቱን ሲያይ ሌላ መሰለው።

"አይዞሽ" አላት በለሆሳስ። "ያንቺም ጊዜ ይመጣል። እኔና ዓምዴ ጡረታ ስንወጣ ሁሉም ያንቺ ነው፤ ብትፈልጊ በዳቦ ቶስተር አሠሪው።"

ሐሌሉያ በሩን ተደግፋ ቆመች።

"ሔዋንዬ፣ እስኪ ባንቺ ስልክ ዓምዴን ደውይልኝ። የኔን እየናቀኝ ነው፣ ያንቺን ያነሣል። ሁሉም እንዲሰማው ስፒከር ላይ አድርጊው። ከጀመርን ጀምሮ አንድም ወረቀት እሱ ሳይሰማ ፈርሜ አላውቅም።" ለሜሪም በእንግሊዝኛ ነገራት፤ ሜሪ ሣቀች። "ካላነሣም እፈርምና ሲነቃ ይደነግጣል።"

ሔዋን ስልኳን አወጣች። ስሙ ከላይ ነው፤ ትናንት ማታ ስለ አንድ ቺፕ ጽፎላት ነበር። አውራ ጣቷ ስሙ ላይ ቆመ። ከነካችው ያ ድምፅ እዚህ ክፍል ይመጣል፤ አጥፍታችሁ አብሩት ይላል፣ እነዚህ ሰዎችም ይስቃሉ፣ ከሣቁ በኋላ ተፈሪ ይፈርማል። ነገ ጎሕ ሲቀድ ፊሊጶስና ጥቁር የለበሱ ሰዎች ሮድስ ራንች በር ላይ መኪናቸውን ያቆማሉ። ተፈሪ እስኪወድቅ ያለቅሳል። ከዚያ፣ ልቡ ከቻለው፣ መቼ ነው ብሎ ይጠይቃል። ይነግሩታል። የዛሬውን ጠዋት፣ ማራገቢያውን፣ የስልኩን መልእክት፣ ብዕሩን አንድ በአንድ ያስታውሳል። ከዚያ ቀና ብሎ ከሰው መካከል እሷን ይፈልጋታል።

ወይም ደግሞ አሁን ትናገራለች፤ ልቡ አይችለውም፣ በእጇ ላይ ይቀራል። ፊሊጶስ ያልጨረሰው ቃል እሱ ነው።

"ምነው፣ ኔትወርክ የለም?" አለ ተፈሪ።

ሔዋን ስልኩን ሱሪዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

"ሜሪ" አለች በእንግሊዝኛ፤ ድምጿ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። "ይቅርታ። እባክሽ ትንሽ ውጪ ጠብቂን። ቅድም የነገርኩሽ ነገር እውነት አልነበረም።"

ሜሪ አየቻት፣ ከዚያ ሐሌሉያን አየች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

"ምንድነው ይሄ?" ተፈሪ ገና ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም። "ሔዋን፣ ምን አልሻት? ልታበላሺብኝ ነው እንዴ?"

"ሐሌሉያ፣ በሩን ዝጊው" አለች ሔዋን። "ከኋላቸው ቁሚ። ትከሻቸውን ያዢ።"

ሐሌሉያ የተባለችውን አደረገች። እጆቿ በተተኮሰው ሸሚዝ ላይ ሲያርፉ ተፈሪ አንገቱን አዙሮ እጆቿን አየ። ሔዋን ትኩሱን ሻይ ከፊቱ አንሥታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ወረቀቱን ራቅ አደረገችው። ወንበር ጎትታ ጉልበቷ ጉልበቱን እስኪነካ ተጠግታ ተቀመጠች። ሰው መርዶ ሲረዳ ሁለት ሰዎች እንዲህ እንደሚይዙት እሱም ያውቃል፤ በዚህ ከተማ ስንት ቤት ሄዶ ራሱ ይዟል።

ፈገግታው ቀስ ብሎ ሄደ።

"ማን ነው?" አለ።

"ጋሽ ተፈሪ፣ መነጽርዎን ያውልቁልኝ።"

አላወለቀም። ብዕሩን እንደያዘ፣ በመስታወቶቹ ውስጥ እያያት፣ ከአፏ ምንም እንዳይወጣ የሚለምን ሰው ይመስል ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ሔዋን ሁለት እጆቿን ዘርግታ መነጽሩን ራሷ አወለቀችለት።